«አሥር ዓመት አልሞላህም» ለተባለ ተጎጂ ሠራተኛ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እዚህ ባሕር ዳር በአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ ለስድስት ዓመታት ተቀጥሮ ሲሠራ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት የጣውላ መሰንጠቂያ ማሽን የቀኝ እጁን አራት ጣቶች ቆረጠበት። ከደመወዙ በየወሩ ጡረታ ይቆረጥበት የነበረ ቢሆንም ድርጅቱ «አሥር ዓመት ስላልሞላህ ምንም አይገባህም» ብሎ አሰናበተው። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ከሚገኘው ገንዘብ ሲሶውን ከሰጣችሁኝ እጨርስላችኋለሁ ይለናል። ማን ሊረዳን ይችላል? ቀበሌውስ በሴፍቲኔት ሊያቅፈን ይችላል?
(ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለባለቤትዎ ምሕረቱን ይላክለት። አሥር ዓመት አልሞላህም የተባለው ለእርሱ ጉዳይ የሚሠራ አይደለም። የአሥር ዓመት አገልግሎት የሚጠየቀው ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ሕመም ምክንያት ሥራ ላቆመና የጤና ጉድለት ጡረታ ለሚጠይቅ ሰው ነው። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ግን ራሱን የቻለ መብት ሲሆን፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ለዚህ የአገልግሎት ዘመን አይጠይቅም። ጉዳቱ በሐኪሞች ቦርድ ሲመዘን ከ10 በመቶ ያላነሰ ሆኖ ሠራተኛውን ለዘለቄታው ከሥራ ውጭ ካደረገው፣ ከጉዳቱ በፊት ያገኝ ከነበረው ወርኃዊ ደመወዝ 47 በመቶው የጉዳት ጡረታ አበል ሆኖ በየወሩ ይከፈለዋል፤ ጉዳቱ ይህን ያህል ሆኖ ሥራ መሥራት የሚችል ከሆነ ደግሞ የጉዳት ዳረጎት በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው «በሥራ ላይ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ በመገኘቱና ባለመገኘቱ ላይ ነው። በእጄ ካለፉት ፋይሎች በአንዱ የድንገተኛ ክፍሉ ካርድ «ጣቱ ተቆርጦ መጣ» ብቻ ይል ነበር፤ የትና በምን እንደተቆረጠ አንድ ቃል የለውም። ያንን ክፍተት ለመሙላት አብረውት ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ቃላቸውን ሰጥተው፣ የዚያን ዕለት የሥራ ሰዓት መቆጣጠሪያ ተፈልጎ፣ ብዙ ወራት ፈጅቶ ነበር። ስለዚህ ዛሬውኑ የባለቤትዎን የሕክምና ካርድ ግልባጭ አውጥተው ያንብቡት። ዝም ያለ ካርድ ከሆነ ምስክሮች ከከተማው ሳይወጡና ነገሩን ሳይረሱ ቃላቸው በጽሑፍ ይያዝ፤ ድርጅቱም የጉዳቱን ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጣችሁ በማመልከቻ ጠይቁ፣ ማመልከቻውንም በገቢ መዝገብ አስመዝግቡ።

በጡረታው ፋይል ተይዘው እንዳይረሱት የምንፈልገው ሌላ ነገር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። የሕክምና ወጪውን ይሸፍናል፤ ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰውን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰውን ይከፍላል። በዚህ ሕግ የይርጋው ጊዜ (መብትን ለመጠየቅ የተፈቀደው ጊዜ) አጭር ስለሆነ፣ እናንተንም ወራት ስላለፏችሁ፣ ይህን ጥያቄ ከጡረታው አስቀድማችሁ አንሡ።

ማን ይርዳን ላሉት፣ ጉዳይ አስፈጻሚው ሲሶ የሚጠይቅበትን ሥራ ያለ ክፍያ የሚሠሩ አሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት ስላሉት፣ ማመልከቻም ሆነ የፍርድ ቤት ክስ እዚያ ሊዘጋጅላችሁ ይችላል። የጡረታ ጥያቄው የሚቀርበው ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ነው። ሲሄዱ የባለቤትዎን የጡረታ መለያ ቁጥር ይዘው፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሊገባ ይገባው የነበረው መዋጮ በእርግጥ መግባቱን አስቀድመው ያጣሩ፤ ከደመወዝ ተቆርጦ ገቢ ሳይደረግ የቀረ ገንዘብ ካለ ተጠያቂው አሠሪው ነው። ዋናውን ሰነድ አሳይተው ፎቶ ኮፒውን ብቻ ይስጡ። ባለቤትዎ በቀኝ እጁ ይፈርም ከነበረ ፊርማው ከቀድሞው ጋር ስለማይመሳሰል፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ውክልና ቢሰጥዎ ብዙ ምልልስ ይቀርላችኋል። ጥያቄያችሁ ውድቅ ከተደረገ ደግሞ ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣችሁ፤ ያለ እርሱ ይግባኝ ማለት ያስቸግራል።

ሴፍቲኔቱ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። እዚያ የሚታየው የጉዳቱ መቶኛ ሳይሆን የቤተሰቡ ድህነት ሲሆን፣ ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው ሠርቶ የሚያድር ጉልበት ለሌለው ቤተሰብ የታሰበ ነው። እርስዎ መሥራት ስለሚችሉ በአካባቢ ልማት ሥራው በኩል ሊታቀፉ ይችሉ እንደሆነ፣ ምልመላ ሲካሄድ በቀበሌው ተገኝተው ይመዝገቡ። መዋጮውን መክፈል ካልቻላችሁ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መንግሥት ከሚከፍልላቸው አባወራዎች ጋር እንድትካተቱም አብረው ያመልክቱ፤ የእጁ ሕክምና ገና አላለቀምና።