ባትሪህን በስንት ሰዓት ነው የምትሞላው?

ሥራዬ ሶላርና ኢንቨርተር (ባትሪ የሚሞላና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚያመች መሣሪያ) መግጠም ነው፤ እዚሁ ድሬዳዋ። የቤት ባትሪ ለመብራት መስመሩ ያግዛል ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁኝን ዛሬ እመልሳለሁ። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ ሁላችሁንም አንተ፣ አንቺ ነው የምለው። ከሌላ ከተማ የጠየቃችሁ እንዳትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ የኔ አንዷ ባትሪ ለዚያ ሁሉ መስመር ምን ትፈይዳለች?

አንዷማ ምንም። 200 ቤት ሲሆን ግን ሌላ ነው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ቤት 1 ኪሎ ዋት ከራሱ ባትሪ ቢጠቀም ከመስመሩ 200 ኪሎ ዋት ይነሳል። አንድ የሰፈር ትራንስፎርመር የሚሸከመውን ያህል ማለት ነው። አሜሪካ ቨርሞንት ውስጥ የመብራት ድርጅቱ ራሱ ለደንበኞቹ ባትሪ ያከራያል፤ ጭነት ሲበዛ ከሩቅ አዝዞ ሁሉንም ባንዴ ይጠቀምባቸዋል።

ጥያቄ፦ የተረፈኝን ወደ መስመሩ ብመልስ ካርዴ ላይ ይታሰብልኛል?

እንዳትሞክራት! ብዙዎቹ የካርድ ቆጣሪዎች ለዚህ አልተሠሩም። አንዳንዱ እንዲያውም የላክኸውን እንደተጠቀምክ ቆጥሮ ካርድህን ይበላዋል። የባሰው ግን ሌላ ነው። መብራት ጠፍቶ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ መስመሩ ባዶ ነው ብሎ ይነካል። አንተ ከቤት እየላክህ ከሆነ ትገድለዋለህ። ደህና ኢንቨርተር መብራት ሲሄድ ከመስመሩ ራሱን የሚቆርጠው ለዚህ ነው። ጄነሬተር በሶኬት በኩል ወደ ቤት የምትሰዱም ስሙኝ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ካልላክሁ በምን ላግዝ?

ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። በምትሞላበት ሰዓት! ግንቦት ላይ መብራት ለ4 ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ፍሪጁ፣ ኤሲው፣ ቬንቲሌተሩ እኩል ይነሳል። በዚያ ላይ የሰፈሩ ኢንቨርተር ሁሉ ባዶ ባትሪውን ሊሞላ ይሻማል። ልጆቹ «መጣ!» ብለው ጮኸው ሳይጨርሱ ድው፣ ተመልሶ ይሄዳል።

በቀደም ሳቢያን ሰፈር አንድ ቤት ገብቼ ኢንቨርተሩን ሳየው መሙያው 60 አምፔር ላይ ነው። በ48 ቮልት ባትሪ ይህ ወደ 3 ኪሎ ዋት ይጠጋል፤ ምጣድ እንደመለኮስ በሉት። ወደ 20 አምፔር አወረድኩት። ሰዓቱንም ከሌሊቱ 6 እስከ 11 አደረግሁት፣ ሰው ተኝቶ መስመሩ ሲቀለው። 5 ደቂቃ አልፈጀም። ባለቤቱ «ይኸው ነው?» አለኝ። ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ መብራት ቢሄድስ? በባዶ ባትሪ ልቀር?

አትቀርም። 40 በመቶውን ሳትነካ አስቀምጥ፣ ምሽቱን ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ተጠቀም። ለመስመሩ ብለህ ልጆችህን በወበቅ አታሳድር።

ጥያቄ፦ በ5 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ እንጀራ ይጋገራል?

ምጣዱ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ባትሪሽ ያልቃል። የ3 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር ከሆነማ ጭራሽ አይችለውም። ሊጡ ኩፍ ካለ እንደማይጠብቅ ይገባኛል፤ ከቻልሽ ግን ሶላሩ እያገዘሽ በቀን ጋግሪ።

ጥያቄ፦ ግድቡ ተመርቆ የለ እንዴ? ለምንድነው የሚጠፋው?

ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ለጅቡቲ የሚሸጠው ኃይልም በኛው በድሬዳዋ በኩል ነው የሚያልፈው። ግን ጉባ ላይ ኃይል ሞልቶ የሰፈርህ ትራንስፎርመር ካነሰ ምን ዋጋ አለው? በርሜሉ ሙሉ ነው፣ ቧንቧው ነው የጠበበው።

ጥያቄ፦ ሊቲየም ባትሪ ልግዛ ወይስ ጄል ባትሪ?

ሊቲየም፣ ብሩ ካለህ። ጄል ደጋግሞ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ያረጃል። ሙቀት ግን ሁለቱንም ይበላል። የኔ የመጀመሪያው ጄል ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስቀምጬው በ2 ዓመቱ እንደ ሳምቡሳ አበጠ። አሁን በር ማቆሚያ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ሐረር ነው። እዚህም ሙቀቱ ያሰጋል?

ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጠው እንጂ ባትሪህ ከኔው ይልቅ ዕድሜ አለው። ቀናሁብህ።