ሐኪሙን ይጠይቁ፦ «ለእማዬ አረንጓዴ ቀለም ሰጥተን በካሜራ እናያለን አሉኝ»

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር እንደምን አሉ፣ እናቴ 61 ዓመቷ ነው የአርሲ ሰው ናት፣ እኔ ጋ ሜሪላንድ ከመጣች በኋላ ምግብ አልዋጥ ሲላት ኢንዶስኮፒ ተሰራላትና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ኬሞና ጨረር ጨርሳለች አሁን ኦፕራሲዮን ነው የቀራት። ሰርጀኑ ቧንቧውን አውጥተን ጨጓራዋን ወደ ላይ እንስባለን፣ እዛ ላይ በደም ስሯ አረንጓዴ ቀለም ሰጥተን በልዩ ካሜራ እናያለን አለኝ። አስተርጓሚዋ እኔው ስለሆንኩ እንዳትደነግጥብኝ ብዬ ብዙም አልጠየቅኩትም። ካንሰሩ ቀርቶ እንደሆነ ሊያዩበት ነው? ጨረር አለው ወይ? ኩላሊቷም ትንሽ ደከም ያለ ነው፣ ይጎዳት ይሆን? (ልጇ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። በዚህ ካሜራ የሚፈለገው ካንሰር ሳይሆን ደም ነው። ለምን መሰለሽ፣ ቧንቧው ሲወጣ ሰርጀኑ ጨጓራዋን በስቴፕለር (እየቆረጠ በሚሰፋ መሳሪያ) እየቆረጠ ቀጭን ቱቦ ያደርገውና ወደ ደረት ወይ እስከ አንገት ስቦ ከተረፈው ቧንቧ ጋር ይሰፋዋል። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ጨጓራ በደህናው ጊዜ ከብዙ አቅጣጫ ነው ደም የሚያገኘው፣ ወደ ላይ እንዲሳብ ግን አብዛኞቹ ደም ስሮች መቆረጥ አለባቸው፣ በዋናነት የሚቀረው በስተቀኝ በታችኛው ጠርዝ በኩል የሚሄደው አንዱ ነው። እሱም ጫፉ ድረስ አይዘልቅም፣ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ደም የሚያገኙት ግድግዳው ውስጥ ባሉ ጸጉር በሚያካክሉ ስሮች ነው። ስፌቱ ደሞ የሚያርፈው እዛችው ደም ያነሳት ጫፍ አካባቢ ነው! ደም ያጣ ስፌት አይገጥምም ያፈሳል፣ ምራቁም ምግቡም ደረት ውስጥ ይገባል፣ እኛን ሰርጀኖችን እንቅልፍ የሚነሳን ይሄ ነው። ከሆስፒታል ሆስፒታል ቢለያይም ከ10 ታካሚ አንዱን ገደማ፣ አንዳንድ ቦታም ከዛ በላይ ያጋጥማል።

ቀለሙ ኢንዶሲያኒን ግሪን ነው የሚባለው፣ እኛ አይሲጂ እንለዋለን። አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ፣ በፈረንጆቹ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለልብና ለጉበት ኋላም ለዓይን ምርመራ ሲሰራበት የኖረ ነው። ደም ውስጥ ሲገባ ከፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ከደም ስር በቀላሉ አይወጣም፣ ኢንፍራሬድ ብርሃን ሲያርፍበት ደሞ መልሶ ያበራል፣ ያንን በዓይናችን አናየውም ካሜራው ነው የሚያየው።

ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ጨጓራው ቱቦ ከሆነ በኋላ ማደንዘዣ ሰጪው ጥቂት ሚሊግራም በደም ስሯ ሰጥቶ በሳላይን (በጨው ውሃ) ይገፋዋል፣ ከረዳቶቹ አንዱ በሰዓት ሰከንዱን ይቆጥራል፣ ሆዷ ተከፍቶ የሚሰራ ከሆነ የላዩ መብራት ይጠፋል። ስክሪኑ መጀመሪያ ጨለማ ነው። ከዛ ያ የቀረው ደም ስር ቦግ ይላል፣ ብርሃኑ ግድግዳውን እየሞላ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ግን ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቆማል። ሰርጀኑ የቆመበትን ምልክት አድርጎ ከዛ በታች ባለው ደህና ቦታ ላይ ይሰፋል። የጃፓን ሰርጀኖች ብርሃኑ በ90 ሰከንድ ውስጥ የደረሰበት ቦታ ላይ ይሰፋ የሚል ደንብ አላቸው፣ ግን ሁሉም አይከተለውም፣ ምክንያቱም የደም ግፊቷ ዝቅ ስላለ ብቻም ብርሃኑ ሊዘገይ ይችላል። ጨለማውን ሁሉ ቆርጦ መጣልም አይቻልም፣ ቱቦው ባጠረ ቁጥር ስፌቱ ይወጠራል፣ የተወጠረ ስፌትም ያው ያፈሳል። ጥሩ አብርቶም ያፈሰሰ አለ። ብዙዎቹ ጥናቶች ማፍሰሱን ይቀንሳል ይላሉ፣ አብዛኞቹ ግን ታካሚዎችን በእጣ ከፍለው ያነጻጸሩ ስላልሆኑ እኔ ይጠቅማል ባይ ነኝ እንጂ ዋስትና ነው አልልሽም።

ኩላሊቷን በዚህ በኩል አትስጊ፣ ቀለሙን የሚያስወጣው ጉበት ነው፣ በሐሞት አድርጎ ከሰገራ ጋር ይሄዳል፣ ከደም ውስጥ ግማሹ በ3 እና 4 ደቂቃ ስለሚጠፋ ካስፈለገም ይደገማል። ጨረር የለውም። ጣቷ ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ለጥቂት ጊዜ ዝቅ ብሎ ሊያሳይ ይችላል፣ ማደንዘዣ ሰጪዎቹ ያውቁታል። አንድ ነገር ግን ሳትረሺ ንገሪያቸው፦ ቀለሙ አዮዲን ስላለበት ሲቲ ስካን ስትነሳ በተሰጣት መድሃኒት አሳክኳት ወይ አብጣ ከነበረ ማወቅ አለባቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር እኔ ያለሁት አሰላ ነው፣ ባለቤቴ ተመሳሳይ ኦፕራሲዮን ታዞለታል፣ እንደዚህ ያለ ካሜራ የላቸውም አሉን፣ ዘመድ ሁሉ ውጭ ካልሄደ እያለ ነው ቤታችንን ልንሸጥ እያሰብን ነው፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ለካሜራ ተብሎ ቤት አይሸጥም እህቴ። አይቮር ሉዊስ የሚባለው የዌልስ ሰርጀን ዛሬም በስሙ የሚጠራውን ኦፕራሲዮን እ.ኤ.አ. በ1946 ሲያቀርብ እንዲህ ያለ ካሜራ የት ነበርና፣ አሁንም በብዙ አገር የጨጓራውን መልክ አይተው፣ የደም ስሩን ትርታ በጣት ዳስሰው፣ ጠርዙ ሲቆረጥ ይደማ እንደሆነ ተመልክተው ነው የሚሰፉት። በኔ እምነት ከካሜራው ይልቅ ለውጥ የሚያመጣው ሰርጀኑና ሆስፒታሉ ይሄን ኦፕራሲዮን በዓመት ስንቴ ይሰራሉ፣ ከዛ በኋላ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) አልጋ አለ ወይ፣ ማታ ትኩሳት ቢነሳ የሚያየው ማነው የሚለው ነው። እሱን ጠይቂ፣ ሳታፍሪ። ባለቤትሽ ደሞ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ዛሬውኑ ይተው፣ ክብደቱ ወርዶ ከሆነ ከኦፕራሲዮኑ በፊት በቱቦም ቢሆን ምግብ እንዲያገኝ ተነጋገሩ። (አርሲና ባሌ ይሄ ካንሰር በዝቶ የሚታይበት አካባቢ ነው፣ ልጆቻችሁ የሚያቃጥል ሻይና ገንፎ ቀዝቀዝ አድርገው ይልመዱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 መድቦታል።)

ስፌት ካፈሰሰ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ነው፣ ቤት ከገባ በኋላ ትኩሳት ከያዘው፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ ደረቱን ከወጋው ወይ ትንፋሽ ካጠረው ነገ ይሻለዋል ሳትሉ በዛው ሰዓት ወደ ሰራው ሆስፒታል ውሰዱት፣ እስክትደርሱም ምንም እንዳይበላ ውሃም ቢሆን እንዳይጠጣ።