አክሽን ኮሜዲ በትንሽ ብር፦ የጃፓኖቹን ቤቢ አሳሲንስን እዩት

ወንድሜ "አራት ጓደኛሞች ነን፣ ብር የለንም፣ በስልክ አጭር አክሽን ኮሜዲ ልንሰራ ነው፣ ከጃፓኖቹ የቱን አይተን እንማር" ላልከው እኔ ቤቢ አሳሲንስን እዩ ነው የምልህ። የ2021 ፊልም ነው፣ ዩጎ ሳካሞቶ ዳይሬክት ሲያደርገው ገና በሃያዎቹ እድሜ ውስጥ ነበር። ሁለት ሃይስኩል የጨረሱ ልጆች ናቸው፣ ስራቸው ሰው መግደል፣ አለቆቻቸው ደግሞ በሉ አሁን አብራችሁ ኑሩ፣ እንደ ሰው ፓርት ታይም ስራም ፈልጉ ይሏቸዋል፣ በቃ ታሪኩ ይሄ ነው። አንዷ ተግባቢ፣ ሌላዋ ሰው ፊት ማውራት ጭንቋ።

ሳቁ ያለው እቤት ተጋድመው ሲነጫነጩ፣ ስራ ሲቀጠሩና ሲባረሩ ነው፣ ድብድቡ ላይ ግን ማንም አይቀልድም፣ ቡጢው ያማል። ይሄን በጣም ያዙት። እኛም ከጓደኞቼ ጋር አጫጭር ነገር ስንሰራ ያየሁት ይሄንኑ ነው፣ ተደባዳቢው እየተማታ ፊቱን ካጣመመ ተመልካች አይስቅም አይፈራም፣ ዝም ብሎ ያያል።

ሌላው፣ ማውራት የሚጨንቃትን ልጅ፣ ማሂሮን፣ የምትሰራው ሳኦሪ ኢዛዋ ስተንት ሰሪ ናት፣ ማለትም በተዋናይ ፈንታ ድብድብና አደገኛ ነገር የምትሰራ፣ ጆን ዊክ 4 ላይም ሰርታለች። ስለዚህ ካሜራው እሷን ለመደበቅ መቆራረጥ የለበትም፣ መጨረሻ ላይ ከተዋናዩ ማሳኖሪ ሚሞቶ ጋር የምትገጥመውን ደጋግማችሁ እዩት፣ ድብድቡን ያቀናበረው ኬንሱኬ ሶኖሙራ ነው፣ ተጠጋግቶ መተናነቅ፣ መንሸራተት፣ ትንፋሽ ማጠር አለው። ከአራታችሁ ሰውነቱ የሚታዘዝለት ማነው? ቴኳንዶም ይሁን ጭፈራ የሚችል ካለ እሱን ዋና አድርጉትና ወሬውን ለሌላው ስጡት።

ከዛ ድብድቡን መጀመሪያ እቤት ቀስ ብላችሁ ተለማመዱ፣ ፍራሽ አንጥፉ፣ ልምምዱን በስልክ ቅረጹና ኤዲት አድርጉት፣ የቀረጻው ቀን እሱን እያያችሁ ነው የምትሰሩት፣ እመኑኝ ግማሽ ቀን ይተርፋችኋል። ቡጢው ሰውየውን መንካት የለበትም፣ ካሜራውን ከተመቺው ትከሻ ጀርባ ካደረጋችሁት ክፍተቱ አይታይም፣ የሚያሳምነው ደግሞ መቺው ሳይሆን ተመቺው ነው፣ አንገቱን በሰዓቱ ካዞረ አለቀ። ድምጹን በኋላ ትጨምራላችሁ።

ብር ስለሌለ ተስፋ ለቆረጠ ደግሞ ዋን ከት ኦፍ ዘ ዴድ አለ፣ ዞምቢ ኮሜዲ ነው ግን ወደ 3 ሚሊዮን የን አካባቢ ነው የወጣበት፣ መክፈቻው 37 ደቂቃ ሳይቆረጥ ይሄዳል። ምንም ሳታነቡ እዩት፣ ግማሹ ላይ እንዳታቆሙት።

ልምምዱን ስትቀርጹ እዚህ ልቀቁት፣ አይቼ የመሰለኝን እጽፍላችኋለሁ።