የትኛውን ትኩሳት መለኪያ ልመን?

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው የምጽፍልህ፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጄ ሲያተኩሰው አዲሱ ባለ ባትሪው መለኪያ 37.6 አለኝ፣ የእናቴ የድሮው ሜርኩሪ ደግሞ 37.8። እሺ ብዬ ምንም ያላመማትን ትልቋን ስለካት ባለ ባትሪው 36.4 አለ፣ ሜርኩሪው ግን አሁንም 37.8! ጎረቤቴ ባለ ባትሪውን የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሪው 100 ካለ ደህና ነው ብላኝ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ብነክረው "ኤች" ብሎ ቀረ። ተበላሸ ማለት ነው? ካሊብሬት የሚያደርግልኝስ አገኛለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ትንሹ ተሻለው አይደል? እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ስመጣ፣ እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባለ ባትሪውን ሳይሆን የእናትሽን ሜርኩሪ ነው። ሁለት ልጆች፣ አንዱ የታመመ አንዷ ጤነኛ፣ እኩል 37.8? የሜርኩሪ መለኪያ አንዴ ከወጣ በራሱ አይወርድም፣ አንገቱ ላይ ጠበብ ያለ ቦታ አለው እዛ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ከ35 በታች እስኪወርድ በደንብ ካላራገፍሽው ትልቋ ላይ ያነበብሽው የወንድሟን ትኩሳት ነው። ትንሹ ላይ የታየው የ0.2 ልዩነት ደግሞ ብብት ላይ የሚገርም አይደለም።

ስለ ፈላው ውሃ ግን ጎረቤትሽን አደራ አትስሚያት። አንደኛ ውሃ ጎንደር ላይ 100 አይደርስም፣ ከተማችን ከባህር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች 93 አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው (ንፍሮው አልበስል ብሎ የሚያስመርረንም ለዚህ ነው)። ሁለተኛ የሰው መለኪያ ብዙ ጊዜ ከ32 እስከ 42 ወይም 43 ድረስ ብቻ ነው የሚያነበው፣ "ኤች" ማለቱ ከአቅሜ በላይ ነው ማለቱ ነው እንጂ የግድ ሞቷል ማለት አይደለም። በረዶ ውስጥ ብትከቺውም እንዲሁ "ሎ" ብሎ ይቀራል፣ ያ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር መፈተኛ ነው።

ካሊብሬት ላልሽው፣ የቤቱ መለኪያ የሚስተካከል ነገር የለውም። ጫፉ ላይ ቴርሚስተር የሚባል ትንሽዬ ሴንሰር አለ፣ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ) ይቀንሳል፣ ውስጥ ያለው ቺፕ ያንን ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፣ ፋብሪካው አንዴ ካስተካከለው በኋላ አንቺ የምትችይው ማመሳከር ብቻ ነው። ለዛ ደግሞ አፉ ሰፊ የሆነ ፔርሙስ ይበቃሻል፣ የፈላና ቀዝቃዛ ውሃ ቀላቅለሽ ክርንሽን ስትነክሪ የህፃን ገላ መታጠቢያ ያህል ለብ ሲል ያራገፍሽውን ሜርኩሪና ባለ ባትሪውን ጫፋቸውን እኩል አድርገሽ በላስቲክ እሰሪና ጫፋቸውን ብቻ ንከሪ፣ እያማሰልሽ ሶስት ደቂቃ ቆዪ፣ ቢጮህም አታውጪው። ውሃው ከ42 ካለፈ የሜርኩሪው መስታወት ሊፈነዳብሽ ይችላል ስለዚህ መጀመሪያ ባለ ባትሪውን ብቻ ነክረሽ 38 አካባቢ መሆኑን እይ፣ ከዛ አጥፍተሽ አብሪው ምክንያቱም እሱም ከፍተኛውን ቁጥር ይዞ ነው የሚቆየው። ሶስት ጊዜ ድገሚው። ጥሩ ባለ ባትሪ መለኪያ ወረቀቱ ላይ የ0.1 ስህተት ነው የሚጻፍለት፣ ሜርኩሪውም የራሱ ስላለው እስከ 0.2 ቢለያዩ ተያቸው። ሶስቱንም ጊዜ በግማሽ ዲግሪ ከተለያዩ ባትሪ ቀይረሽ ሞክሪ፣ አሁንም ያው ከሆነ የፈላው ውሃ ጎድቶት ይሆናልና ሌላ ግዢ፣ ጥገና የለውም።

ከመሳሪያው ይልቅ ብብቱ ነው ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን ግን። ላቡን ጥረጊ፣ ጫፉ ጉድጓዱ ድረስ ይግባ፣ ክንዱን ወደ ጎኑ ጥብቅ፣ ከጮኸም በኋላ ትንሽ አቆዪው። ልብስ መሃል ከገባ አበቃ።

ሽጉጥ የሚመስለው ግንባር ላይ የሚደገነው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንድ ክሊኒክ ተሰልፌ የገባውን ሁሉ 34 እያለ ሲያሳልፍ አይቻለሁ፣ ባለሙያዋ ተበላሸ ብላ ልትጥለው ስትል ለካ ለእቃ ሙቀት በሚሆነው ሞድ ላይ ነበር የተቀመጠው፣ አንድ ቁልፍ ተጫንን ተስተካከለ። ከውጪ ብርድ የገባ ሰውንም ወዲያው ከለካሽው ያሳንሳል።

ለትንሹ፣ በብብት 37.5 እና ከዛ በላይ ትኩሳት ነው ተብሎ ይያዛል፣ ስለዚህ 37.6ም 37.8ም ያው ነበር፣ ባለ ባትሪው አልዋሸሽም። ልጁ ሰሞኑን ወደ መተማ ወይ ሌላ ቆላ ሄዶ ከነበረ ግን ቁጥሩ ምንም ይበል ምን ደሙን ለወባ አስመርምሪው። ሜርኩሪውን አራግፈሽ ትልቋን ስትለኪያት ስንት እንዳለ ጻፊልኝ እስቲ።