ኬሞ ላይ ስላላችሁ ሰዎች ፀጉር፦ የላካችሁልኝ ጥያቄና የኔ መልስ

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ከኬሞ፣ ማለትም ከካንሰር መድኃኒት ጋር ስለሚረግፍ ፀጉር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ብዙ መጣ፣ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ ነርስ ነኝ፣ ኬሞ የሚሰጥበት ክፍል ነው የሰራሁት፣ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ግማሾቻችሁ "ይቅርታ ትንሽ ነገር ነው ግን" እያላችሁ ነው የምትጀምሩት። አረ ትንሽ ነገር አይደለም። ጡቷ ሲነሳ ያላለቀሰች ሴት ፀጉሯ እጇ ላይ ሲቀር ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ፣ ጡቱን ልብስ ይሸፍነዋል፣ ፀጉር ግን ታክሲ ውስጥ ለማታውቂው ሰው ሁሉ መታመምሽን ይናገርብሻል። ስለዚ ማንም ይቅርታ እንዳይለኝ።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ የጡት ካንሰር ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልጀምር ነው። ቀዩ መድኃኒት ነው የሚሰጥሽ ብለውኛል። ሁሉም ሰው ይረግፍበታል እንዴ? መቼ ነው የሚጀምረው?

መልስ፦ እህቴ ቀዩ ዶክሶሩቢሲን ነው፣ ለጡት ብዙ ጊዜ ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር ነው የሚሰጠው፣ እውነቱን ልንገርሽ በነዚ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ይረግፋል ብለሽ ተዘጋጂ። ከመጀመሪያው ዶዝ በኋላ በ2 እና በ3 ሳምንት መሀል ይጀምራል፣ ማለትም ለሁለተኛው ስትዘጋጂ አካባቢ። መጀመሪያ የራስ ቆዳሽን ያምሻል፣ ያሳክክሻል፣ ፀጉርሽን ወደ ሌላ ጎን ስትመልሺው ሥሩ ይቆጠቁጥሻል፣ እሱ ከመጣ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ምክንያቱ መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ስለሚያጠቃ ነው፣ ካንሰሩ እንደዛ ነው፣ የፀጉር ሥርም እንደዛ ነው፣ ከራሳችን ፀጉር 85 በመቶ የሚሆነው ወይ ከዛም በላይ ሁሌ በማደግ ላይ ስለሆነ ነው አብሮ የሚመታው።

ግን ሁሉም ኬሞ አንድ አይደለም። ፓክሊታክሴልና ዶሲታክሴል እንደ ቀዩ ያረግፋሉ። ሲስፕላቲን፣ ካርቦፕላቲን፣ ኬፕሳይታቢን የሚባለው ኪኒን ብዙ ጊዜ ያሳሳሉ እንጂ ራስ አያራቁቱም። ታሞክሲፈን ደግሞ ኬሞ ሳይሆን ለጡት ካንሰር የሚሰጥ የሆርሞን ኪኒን ነው፣ ቢበዛ ትንሽ ያሳሳል። ስለዚ "ኬሞ ነው የምወስደው" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁኝ፣ የመድኃኒቱን ስም አጽፋችሁ ያዙ።

ጥያቄ (ከለገዳዲ)፦ ሳይረግፍ ልላጨው ወይስ ልጠብቅ? እናቴ ገና ሳወራው "ማን ሞቶብሽ ነው የምትላጪው" ብላ ተቆጣች።

መልስ፦ የኔ ሀሳብ ግልጽ ነው፣ አትጠብቂ። ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት አሳጥሪው፣ መርገፍ ሲጀምር ደግሞ በማሽን ይነሳ። ረጅም ፀጉር ሲረግፍ ትራስ ላይ፣ ምግብ ውስጥ፣ አንሶላ ላይ እየተጠቀለለ ለሳምንታት ነው የሚያስለቅስሽ፣ አጭር ከሆነ ግን ያው ይረግፋል እንጂ እንደዛ አያሰቃይም። ሹሩባም ስፌትም ከአሁኑ ፍቺ፣ ካስክ መግባትም ይቅር፣ ሥሩን ይጎትተዋል ያደርቀዋል።

ምላጭ ግን በፍጹም! ከኬሞ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን አካባቢ ነጭ የደም ሴልሽ በጣም ይወርዳል፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌትም ይወርዳል፣ ያኔ ምላጭ የቆረጣት ትንሽ ጭረት ኢንፌክሽን ልትሆን ትችላለች። ማሽን ሆኖ ማበጠሪያው ተገጥሞበት ጥቂት ሚሊሜትር ይቅር። ፀጉር ቤት ከሄድሽ ማሽኑን ፊትሽ በአልኮል ይጥረጉት፣ ጭርት በዛ ይተላለፋል፣ ከተቻለ ግን ቤት ይሁን።

እናትሽን አትፍረጂባት። እኛ ጋ ሴት ራሷን ስትላጭ ሀዘን ነው፣ እሷ የሰማችው የሞት ወሬ ነው። ክርክር ውስጥ አትግቢ፣ ቀጠሮ ይዘሻት ሂጂና ከሐኪሙ አፍ ትስማ፣ ከዛ ፈቃደኛ ከሆነች የመጀመሪያውን ቆራጭ እሷ ትሁን። እንደዛ ያደረጉ እናቶች አሉ፣ ከዛ በኋላ ነገሩ የቤተሰቡ ይሆናል። ለጎረቤት ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር አዘጋጂ፣ "ህክምና ላይ ነኝ፣ መድኃኒቱ ነው" በቂ ነው፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ የመመለስ ግዴታ የለብሽም።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ የምጽፈው ስለ ልጄ ነው። እንዳይረግፍባት ለጋ ቅቤ፣ የጉሎ ዘይት፣ እሬት እየቀባኋት ነው። ጸበልስ ትጠመቅ?

መልስ፦ እማማ፣ እጅዎ አይጉደል፣ ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ከላይ የሚቀባ ነገር መርገፉን አያቆመውም። መድኃኒቱ በደም አድርጎ ነው ሥሩ ጋ የሚደርሰው። ከረገፈ በኋላ ቆዳው ሲደርቅ ንጹህ ዘይት ወይ ሽታ የሌለው ቅባት ስስ አድርገው ቢቀቧት ጥሩ ነው። ለጋውን ቅቤ ግን ለጊዜው ይተዉት፣ ያልፈላ ስለሆነ ጀርም ይይዛል፣ ራሷ ላይ ትንሽ ቁስል ካለ ችግር ነው። የሚጠጣ መድኃኒት፣ ዳማከሴም ይሁን ጤና አዳም ይሁን፣ ለሐኪሟ ሳይነግሩ አይስጧት።

ጸበሉን በተመለከተ እምነትዎን አልነካም፣ እኔም እጠመቃለሁ። የደም ቁጥሯ በወረደበት ሳምንት ግን በቀዝቃዛ ውሃ አትቆይ፣ ክንዷ ላይ ወይ ደረቷ ላይ መድኃኒት የሚገባበት ነገር ከተተከለላት እሱ አይንካው፣ ሐኪሟ ደሟ ጥሩ ነው ባለበት ሳምንት ያድርጉት። ዋናው ቀጠሮው አለመዘለሉ ነው። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይውሰዷት፣ ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ የለም።

ጥያቄ፦ ፀጉሬ እስካሁን አልረገፈም፣ መድኃኒቱ እየሰራ አይደለም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፀጉር መርገፍና ካንሰሩ መቀነስ አይገናኙም። መድኃኒቱ መስራት አለመስራቱን የሚያሳየው ምርመራው ነው።

ጥያቄ፦ የማህፀን በር ካንሰር ነው፣ ጥቁር አንበሳ ጨረር ልጀምር ነው፣ ፀጉሬን ልቆረጥ?

መልስ፦ ጨረር ፀጉር የሚያረግፈው ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ዳሌሽ ላይ ከሆነ የራስሽ ፀጉር አይነካም። ከጨረሩ ጋር በየሳምንቱ ሲስፕላቲን ከሰጡሽ ትንሽ ሊሳሳ ይችላል፣ አትቆረጪ።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ ዊግ ልግዛ ወይስ ሻሽ? ሻሹ ባጃጅ ላይ ንፋስ ወሰደብኝ፣ ሰው ሁሉ አየኝ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ከቤት አልወጣሁም።

መልስ፦ አይዞሽ የኔ እህት። ሻሹ የሚንሸራተተው ፀጉር ስለሌለ የሚይዘው አጥቶ ነው፣ ሐርና ናይለን ከሆነ ደግሞ ባሰ። መጀመሪያ ከጥጥ የተሰራ ስስ ኮፍያ አድርጊ፣ ከአሮጌ ቲሸርት ቆርጠሽ መስፋትም ትችያለሽ፣ ስፌቱ ግን ወደ ውጭ ይሁን ቆዳሽን እንዳይፍቅሽ። በላዩ የጥጥ ሻሽ፣ ሰፋ ያለ፣ ሦስት ማዕዘን አጥፊው፣ ጠርዙ ከቅንድብሽ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ይረፍ፣ ሁለቱን ጫፎች ማጅራትሽ ላይ፣ ተንጠልጥሎ ከሚቀረው ሦስተኛው ጫፍ በላይ አስረሽ፣ ጠምዝዘሽ አንድ ዙር ወደ ፊት አምጥተሽ ጎን ላይ ወሽቂው። ሁለት መርፌ ቁልፍ ከውስጥ ኮፍያውና ሻሹን ያያይዝ። ነጠላ ከላይ ጣል ካደረግሽበት ንፋስም አይነካሽ። እንዳትረሺ ከፍታችን ላይ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ የተራቆተ ራስ በአንድ ቀን ይቃጠላል፣ ወደ ፌርማታ ስትሄጂ ጥላ ያዢ።

ዊግ ካሰብሽ ፀጉርሽ ሳይረግፍ ግዢው፣ ከራስሽ ቀለም ጋር እያስተያየሽ። ሰው ሠራሹ ርካሽ ነው፣ ግን ሙቀት አይችልም፣ እንጀራ ስትጋግሪ አክንባሎውን ስታነሺ የሚወጣው እንፋሎት፣ ቡና ስትቆዪ ከከሰሉ የሚመጣው ሙቀት ፊት ፊቱን አኮማትሮ ያበላሽብሻል፣ ተመልሶ አይስተካከልም። ስለዚ ኩሽና በሻሽ ግቢ፣ ዊጉን ለሰርግና ለሥራ አድርጊው። በሙጫ የሚለጠፈውን አትንኪ። ለኔ ግን ከተጠየቅኩ አንድ ውድ ሂውማን ሄር ከመግዛት ሦስት ጥሩ የጥጥ ሻሽ ይሻላል፣ ብሩን ለትራንስፖርትና ለእንቁላል ያዢው።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ባል ነኝ። "ፀጉር ነው፣ ይበቅላል" ስላት ታለቅሳለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጠየቅህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ያቺን አባባል ተዋት። ልክ ነች፣ ግን እሷ የምትሰማው "ለቅሶሽን አቁሚ" የሚል ነው። "በጣም ከብዶሻል አይደል" በላትና ዝም ብለህ አጠገቧ ተቀመጥ። ከዛ በእጅህ ሥራ፣ ጠዋት ከሷ ቀድመህ ተነስተህ ትራሱን አራግፍ፣ የሻወሩን ቀዳዳ አጽዳ፣ መታጠቢያ ቤት የቀረውን ፀጉር እሷ እንዳታነሳው። ራስህን አብረህ ለመላጨት ካሰብክ መጀመሪያ ጠይቃት፣ አንዳንዷ ደስ ይላታል፣ አንዳንዷ ደግሞ ባየችህ ቁጥር በሽታው ትዝ ይላታል። ልጆች ካሏችሁ ሳይረግፍ ንገሯቸው፣ "እማዬ የምትወስደው መድኃኒት ፀጉር ያረግፋል፣ አያማትም፣ ሲያልቅ ይበቅላል፣ አይተላለፍም" በቂ ነው። ልጅ ድንገት ሲያይ ነው የሚደነግጠው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለች እህቴ ራስ የሚያቀዘቅዝ ኮፍያ አለ አለችኝ። እኔ በረዶ በላስቲክ አድርጌ ብይዝስ?

መልስ፦ እውነት ነው አለ፣ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ተደርጎ እስኪያልቅና ከዛም በኋላ ይቆያል፣ ቅዝቃዜው የደም ሥሩን ስለሚያጠብ መድኃኒቱ ወደ ፀጉር ሥር ብዙ አይደርስም። አሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪው በ2015 ፈቅዶታል። ለሁሉም አይሰራም፣ ለደም ካንሰር ደግሞ አይደረግም። በላስቲክ በረዶ ግን አታድርጊ፣ ቅዝቃዜው እኩል አይሆንም፣ ቆዳሽን ያቃጥለዋል።

ጥያቄ፦ ቅንድቤና ሽፋሽፍቴም ሄደ፣ አፍንጫዬም ያለማቋረጥ ይፈሳል። የምንኖርበት ሰፈር አቧራ ነው።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የአፍንጫ ፀጉርም ስለረገፈ ነው የሚፈሰው፣ ጉንፋን ላይሆን ይችላል። ስትወጪ ማስክ አድርጊ፣ ለዓይንሽ መነጽር፣ የፀሐይም ይሁን ተራ ይሁን፣ ሽፋሽፍት ሳይኖር አቧራው ቀጥታ ነው የሚገባው። ቅንድብሽን በራስሽ የቅንድብ እርሳስ ሳዪው፣ የሰው አትጠቀሚ። የባህል ኩል ዓይንሽ ውስጥ አታድርጊ፣ አንዳንዱ እርሳስ የሚባለው ብረት አለው።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ሁለት ዙር ወሰድኩና ፀጉሬ ሲሄድ አቆምኩ። ሰው ያየኛል፣ አልቻልኩም። ሦስተኛው ቀጠሮ አልፏል።

መልስ፦ እህቴ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ፣ ይሄን መጻፍ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገ ጠዋት ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ። ያለፈ ቀጠሮ ማለት የተዘጋ በር ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው ዘግይቶ ተመልሶ ቀጥሏል፣ ግን በቆየሽ ቁጥር ህክምናው የሚሰጥሽን ጥቅም እያጣሽ ነው። ስትገቢ "ትራንስፖርት አጥቼ ነው" አትበያቸው፣ በፀጉሬ ምክንያት ነው ብለሽ ንገሪያቸው፣ ላንቺ የሚሆን ፀጉር ያን ያህል የማይነካ አማራጭ ካለ መናገር የሚችለው ምክንያቱን ያወቀ ሐኪም ነው። ብቻሽን አትሂጂ፣ አንድ የምታምኛት ሰው ትከተልሽ። የሚያናግርሽ ካጣሽ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አለ፣ በህመሙ ካለፉ ሰዎች ጋር እንዲያገናኙሽ ጠይቂያቸው። እኔም እዚህ ነኝ፣ ሄደሽ ስትመለሺ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ጨርሻለሁ! መቼ ይበቅላል? ሪላክሰርስ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ! ከመጨረሻው ዶዝ በኋላ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ እንደ ጸጉራም ጨርቅ ለስላሳ ሆኖ ብቅ ይላል፣ ከዛ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። መጀመሪያ ላይ ቀለሙም ጥቅልሉም ሊለይ ይችላል፣ አትደንግጪ፣ ለብዙው ሰው ይመለሳል። ዶሲታክሴል ከወሰዱት ጥቂቶቹ ላይ ሳስቶ ሊቀር ስለሚችል 6 ወር አልፎ ካልሞላ ለሐኪምሽ ንገሪ። ሪላክሰርና ቀለም ቢያንስ 6 ወር ይቆዩ፣ ሹሩባም ሥሩ እስኪጠነክር ጠበቅ ተደርጎ አይሰራ።