መልስ፦ ጠፈረተኞቹ ያሉበት ግድግዳ ከበርሊን ሳልርቅ የት አያለሁ?

ወንድሜ፣ በሶሻሊስቱ ዘመን ግድግዳዎች ላይ ያሉት ጠፈረተኞች ቀለም ናቸው ወይስ ሌላ ነገር፣ በቅርብ የሚታይስ የት ነው ብለህ ጠይቀሃል። ያኔ የምሥራቅ ጀርመን ከተማ ወደነበረችው ፖትስዳም ሂድ፤ ከበርሊን በከተማው ባቡር ትደርሳለህ። የቀድሞው የኮምፒውተር ማዕከል ግርጌ ዙሪያውን ሠዓሊው ፍሪትስ አይዝል በፈረንጆቹ 1972 የሠራው «ሰው ጠፈርን ድል ያደርጋል» የሚባል ባለ 18 ክፍል ሞዛይክ አለ። ከውጭ ስለሆነ ቲኬት ምናምን አያስፈልግም።

ቀለም አይደለም፣ ባለቀለም መስታወት ነው። ጠጋ ብለህ እየው፤ ከሩቅ አንድ ወጥ የመሰለህ ሰማያዊ፣ ጎን ለጎን የተለጠፉ ደብዛዛና ደማቅ ስብርባሪዎች ሆኖ ታገኘዋለህ። ዝናብና ውርጭ የግድግዳ ቀለምን ሲልጡት መስታወቱ ግን ቀለሙን አይለቅም።

የጠፈር ሞዛይክ ያኔ ለምን በዛ ላልከው፣ የሶሻሊስቱን ጎራ የምትመራው ሶቪየት ኅብረት በፈረንጆቹ 1955 የሕንፃ ጌጣጌጥን ትርፍ ወጪ ነው ብላ ከለከለች። በየቦታው የተተከለው ከፋብሪካ የወጣ ራቁቱን ኮንክሪት ሆነ፤ ሞዛይክ ያንን ባዶ ግድግዳ ሞላው። በ1957 የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ፣ በ1961 ደግሞ የመጀመሪያው ጠፈረተኛ የጋጋሪን የ108 ደቂቃ በረራ ሲመጣ ርዕሱ በእጃቸው ገባ። ፕሮፓጋንዳነቱ አይካድም። ግን እንደኔ፣ ጠፈር ለሠዓሊዎቹ ጥሩ ሽፋንም ነበር፤ በትራክተርና በላብአደር ሥዕል ላይ የማይሞከረው ቅርጽና ቀለም በኮከብና በምህዋር ስም ያልፍ ነበር።

የኮምፒውተር ማዕከሉ ሕንፃ በፈረንጆቹ 2015 የአርቲስቶች ስቱዲዮ ሆነ። አጠገቡ የነበረችው የጋርኒዞን ቤተ ክርስቲያን እንደገና ትሠራ በሚል፣ ሕንፃው ይፍረስ አይፍረስ ብዙ ተጨቃጭቀውበታል፣ ስለዚህ ባትዘገይ ይሻላል።