የመኪና ቁልፍና ሪሞት፦ ጠይቁኝ፣ የምችለውን እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የመኪና ቁልፍ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሞረድ ቁልፍ እየቀረጽኩ ጀመርኩ፤ ዛሬ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ መቅረጫ ማሽንና ኮምፒውተር በጫነች ቫን ቁልፍ የጠፋበት ሰው ደጅ ድረስ እሄዳለሁ። ከደንበኞቼ መካከል የእኛ ልጆች ብዙ ናቸው። ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ መኪናቸው አንድ ቀን ከቆመ የቤት ኪራዩ የሚጎድልባቸው። ስትጠይቁ የመኪናውን ሞዴልና ከየት አገር እንደገባ ጻፉልኝ፤ ያለዚያ መልሴ ግምት ይሆናል።

ጥያቄ (አዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ መኪናዬ ከዱባይ የገባ የ2012 ሞዴል ኮሮላ ነው። ሪሞት ያለው ቁልፌ ጠፋብኝና አሜሪካ ያለችው እህቴ ገዝታ ላከችልኝ። እዚህ አስቀርጬ መኪናው እንዲያውቀው አስመዘገብኩት፤ ሞተሩ በደንብ ይነሳል፣ ሪሞቱ ግን በር አይከፍትም። ሁለት ባለሙያ ሞክሮ አቃተው። ተበላሽቶ ነው የመጣው?

መልስ፦ አልተበላሸም ወንድሜ። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ነገር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

በአንድ ቁልፍ ራስ ውስጥ የማይተዋወቁ ሁለት ዕቃዎች አሉ። አንዱ ቺፕ ነው። ባትሪ የለውም፣ አያስፈልገውምም። ቁልፉ የሚሰካበትን ቀዳዳ የከበበ በጥቅል ሽቦ የተሠራ ቀለበት አለ። ቁልፉ ሲገባ ቀለበቱ በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሞገድ ለቺፑ ኃይል ይሰጠዋል፣ ቺፑም መለያውን ይናገራል። መኪናው ካወቀው ሞተሩ ይነሳል፣ ካላወቀው አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ኢሞቢላይዘር የሚባለው ይኸው ነው። ሁለተኛው ሪሞቱ ነው፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ማለት ነው። በር ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር ከሞተሩ ጋር ጉዳይ የለውም።

የአንተ ቺፕ ዓይነቱ ስለገጠመ ተመዘገበ። ሪሞቱ ግን የሚናገርበት ሞገድ ሌላ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት የቶዮታ ሪሞቶች በአብዛኛው በ315 ሜጋኸርዝ ይልካሉ፤ ለአውሮፓና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩት ደግሞ በብዛት በ433.92። ሬዲዮህን ሸገር 102.1 ላይ አድርገህ የሌላ ጣቢያ ዜና ብትጠብቅ አይመጣልህም፤ የሆነው እንደዚያ ነው። የትኛውም ባለሙያ በምንም ኮምፒውተር ቢሞክር አይሠራም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቁልፉን አትጣለው፣ ብረቱና ቺፑ እንዳሉ ይቆዩ። ለዱባይ መኪና የሚሆን ባለ 433 ሪሞት ፈልገህ የውስጡን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ብቻ አስቀይር። ከመግዛትህ በፊት ሻጩን “ስንት ሜጋኸርዝ ነው?” በለው። መልሱን ካላወቀ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ጥያቄ (ሐዋሳ)፦ የቪትዜ ሪሞት ፕላስቲኩ ተሰባብሮ ነበርና አዲስ የቁልፍ ቤት (የውጩን ፕላስቲክ) ገዝቼ ሰሌዳውንና ባትሪውን ራሴ አዛወርኩ። በሩን ይከፍታል። ሞተሩ ግን ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራትም ብልጭ ድርግም ማለቷን አላቆመችም።

መልስ፦ አሮጌውን ቤት ጣልከው? ካልጣልከው አሁኑኑ ፈልገው! ቺፑ እዚያ ውስጥ ቀርቷል። ከጥፍር የምታንስ ጥቁር ቁራጭ ናት፤ ሽቦ የላትም፣ ከሰሌዳው ጋርም አልተያያዘችም፣ ስለዚህ ሰው የፕላስቲኩ አካል ትመስለዋለች። ብዙ ጊዜ በቁልፉ ራስ ጥግ በኩል በጠባብ ጎድጓዳ ውስጥ ተሰክታ፣ አንዳንዴም ተጣብቃ ትገኛለች። ፕላስቲኩን በካራ ቀስ ብለህ ሰንጥቀው፣ አትቀጥቅጠው፣ በቀላሉ ትሰበራለች። ቀይዋ መብራት ቁልፉ ሲገባ መጥፋት ነበረባት፤ አልጠፋችም ማለት መኪናው ቺፕ አላየም ማለት ነው።

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ የ2006 ፎርድ ኤክስፕሎረር አለኝ። ሪሞት ኦንላይን ገዛሁ። ያለ ባለሙያ ራሴ ማስመዝገብ እችላለሁ ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ገንዘብህን አታውጣ። መኪናው ውስጥ ገብተህ በሮቹን በሙሉ ዝጋ፤ በበሩ ላይ ያለውን የመክፈቻ በተን አንዴ ተጫን። ከዚያ ቁልፉን ከጠፋበት ወደ በራበት፣ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ 8 ጊዜ አመላልስ፤ ስምንተኛው ላይ እንደበራ ተወው። በሮቹ ራሳቸው ቀጭ ቀጭ ብለው ከተዘጉና ከተከፈቱ ወደ ማስመዝገቢያው ገብተሃል። ወዲያው የአዲሱን ሪሞት አንዱን በተን ተጫን፤ በሮቹ ደግመው ሲመልሱልህ ተመዝግቧል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ይህን ስታደርግ የድሮዎቹ ሪሞቶች በሙሉ ይሰረዛሉ። ስለዚህ ባለቤትህ ቦርሳ ውስጥ ያለውንም ጨምረህ ሁሉንም እዚያው በተከታታይ ተጫን። በድሮ ሆንዳዎችም ላይ እንዲሁ ነው።

ቺፕ ያለውን ቁልፍ መጨመር ሌላ ሥራ ነው። ፎርድ የተመዘገቡ ሁለት ቁልፎች በእጅህ ካሉ ሦስተኛውን ራስህ እንድትጨምር ይፈቅዳል፤ አንደኛውን አብርተህ አጥፋ፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ ከዚያ 10 ሰከንድ ሳያልፍ አዲሱን። አንድ ብቻ ከቀረህ ግን መኪናው አዲስ ቁልፍ አይቀበልህም፤ ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ የግድ ይሆናል።

ጥያቄ (አሌክሳንድሪያ)፦ ያለኝን አንድ ቁልፍ ጣልኩ። ካምሪ ነው፣ በተን ተጭኖ የሚነሳ። አንዱ “ኮምፒውተሩ በሙሉ ይቀየር” አለኝ። ከኢንተርኔት አሮጌ ሪሞት ርካሽ አግኝቻለሁ፣ ልግዛው?

መልስ፦ አትግዛው። የቶዮታ ስማርት ቁልፍ አንዴ በአንድ መኪና ላይ ከተመዘገበ ራሱን ይቆልፋል፤ በልዩ መሣሪያ ካልተፈታ ሌላ መኪና አይቀበለውም። “ከቶዮታ ላይ የወጣ፣ የሚሠራ” የሚለው ማስታወቂያ ለሌላ ሰው መኪና የሚሠራ ማለት ነው።

ኮምፒውተሩን መቀየር የመጨረሻው መንገድ ነው። መጀመሪያ ኢሞቢላይዘሩን እንደ አዲስ ማስጀመር ይሞከራል። በበርካታ ቶዮታዎች ላይ ይህ 16 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ የመኪናው ባትሪ ከደከመና ሥራው መሃል ከተቋረጠ ጣጣው ይበዛል። ስለዚህ ባለሙያው ቻርጀር ሳያገናኝ ሲጀምር ካየኸው አስቁመው።

እዚህ አገር መታወቂያና የመኪናውን የባለቤትነት ወረቀት ካላሳየኸኝ አልነካውም። ይህ የእኔ ጠባይ ብቻ አይደለም። ናስትፍ የሚባለው ማኅበር በያዘው መዝገብ የተመዘገበ ባለሙያ ከመኪና አምራቾች የቁልፍ ኮድ ሲያወጣ የባለቤቱን ማንነት ማረጋገጥ ግዴታው ነው። ምንም ሳይጠይቅ ቁልፍ የሚሠራልህ ሰው ለሌባም እንደዚያው ይሠራለታል።

ጥያቄ (አትላንታ)፦ የ2015 ሂዩንዳይ ኤላንትራዬን ቁልፍ አንድ ሱቅ ቀርጾ ብቻ ሰጠኝ። ያለ ምንም ኮምፒውተር ተነሳ። አጭበርብሮኝ ይሆን?

መልስ፦ አላጭበረበረህም። ከ2011 እስከ 2021 ለአሜሪካ ከተሠሩት ሂዩንዳይና ኪያዎች ውስጥ ቁልፍ ተዙሮ የሚነሱት ብዙዎቹ ኢሞቢላይዘር የላቸውም። አውሮፓ ከ1998 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ አስገድዳለች፣ አሜሪካ ግን አላስገደደችም። የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር ነው፤ ሌቦችም ይህን ያውቃሉ። ኩባንያዎቹ በ2023 የመከላከያ ሶፍትዌር በነፃ መጫን ጀምረዋልና የአንተ ተጭኖለት እንደሆነ ጠይቅ። እስከዚያው መሪ ላይ የሚታሰር ብረት ግዛ።

ጥያቄ (አዲስ አበባ)፦ ያገለገለ ያሪስ ልገዛ ነው። ሻጩ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ “ሌላው ጠፍቷል” ይላል። ልመነው?

መልስ፦ ሰውየው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ግን በእሱ ቃል ላይ መኪና አታሳድሪ እህቴ። ስካነር ያለው ባለሙያ ስንት ቁልፍ እንደተመዘገበ በብዙ መኪኖች ላይ ያነባል። ሦስት ካለና የተሰጠሽ አንድ ከሆነ ሁለቱ የት ናቸው? ሊብሬው ወደ ስምሽ ሲዞር በዚያው ሳምንት ሁሉንም አስሰርዢና በእጅሽ ያለውን ብቻ መልሰሽ አስመዝግቢ። የጠፋው ቁልፍ ብረቱ በሩን ይከፍት ይሆናል፣ ሞተር ግን አያስነሳም። እግረ መንገድሽን ሁለተኛ ቁልፍም አሠሪ። አንድ ቁልፍ በእጅ ላይ እያለ ሌላ መጨመር የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ሁሉም ከጠፋ በኋላ ግን መኪና ማስጎተት፣ የመኪናውን ኮምፒውተር ሰሌዳ ፈትቶ ሚሞሪውን ማንበብ ሁሉ ይመጣል። በድሮ ቶዮታ ላይ ስታሠሪ ዋናውን ቁልፍ ይዘሽ ሂጂ፤ የራሱ ፕላስቲክ ግራጫ የሆነው ተጨማሪ ቁልፍ ሌላ የማስመዝገብ ሥልጣን የለውም።

ጥያቄ (ዱባይ)፦ ስማርት ቁልፌ ባትሪው አለቀ፣ መኪናው አይታወቀኝም ይላል።

መልስ፦ ከሪሞቱ ውስጥ የተደበቀውን ብረት አውጥተህ በሩን ክፈት። ቶዮታ ከሆነ ፍሬን ረግጠህ፣ አርማ ያለበትን የሪሞቱን ገጽ ከማስነሻው በተን ጋር አስነካው፤ ድምፅ ሲሰጥህ በተኑን ተጫን። ባትሪ ስትገዛ ቁጥሩን አንብብ። ሲአር2032 ማለት ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ነው። ሲአር2016 በስፋት እኩል ስለሆነ ይገባል፣ ግን ቀጭን ነውና ይላላል፤ “አዲስ ባትሪ አድርጌ እምቢ አለኝ” የሚሉኝ ሰዎች ስከፍተው ብዙ ጊዜ የማገኘው ይህን ነው።

ጥያቄ (መቀሌ)፦ ቁልፌ ከሱሪ ጋር ታጠበ።

መልስ፦ አትጫነው። ክፈተው፣ ባትሪውን አውጣ፣ ሰሌዳውን በንጹህ አልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጽዳ፣ አንድ ቀን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ቺፑ ውሃ ብዙም አይጎዳውም፤ ሞተሩን ያስነሳልሃል።

ጥያቄ (አዲስ አበባ)፦ ከቻይና የገባ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው። ቁልፉ በካርድም በስልክም ይሠራል ብለውኛል። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየበዛ ነው። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ሁለቱንም ሪሞትና ካርዱን በእጅህ ተቀበልና እያንዳንዱን ሞክር። ቢዋይዲ ከሆነ ካርዱን በሾፌሩ በኩል ያለው የጎን መስታወት (ስፖኪዮ) ላይ ታስነካዋለህ፤ መከፈቱን በዓይንህ እይ። የስልኩ መተግበሪያ በሌላ ሰው አካውንት ላይ ከታሰረ መኪናህ በእሱ ስልክም ይከፈታልና ፊትህ ያላቅቁት። አዲስ ቁልፍ ማስመዝገብ በብዙዎቹ ላይ ከአምራቹ ሰርቨር ጋር መገናኘት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የጎደለውን ቁልፍ “በኋላ እናመጣለን” ካሉህ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ከሐዋሳው ጠያቂ፦ አገኘኋት ጋሼ! ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ነበር ቤቱ። እንደነገሩኝ ሰንጥቄ አወጣኋት፣ አዲሱ ውስጥ ስጨምራት መኪናው ተነሳ፣ መብራቷም ጠፋች። ግን ውስጡ ትንቀሳቀሳለች።

መልስ፦ እሰይ ወንድሜ! ደስ አለኝ። እንዳትሰበር በትንሽ ሲሊኮን አስይዛት፤ ሱፐር ግሉ አትጠቀም፣ ነገ ብትፈልጋት አትወጣልህም። አሮጌውን ቤት አሁን መጣል ትችላለህ።